ቅጥያ የሌለው ፋይል፣ ላቲን ሆኖ የሚታይ አማርኛ፦ የአባቴን ጽሑፍ እንዴት ልክፈተው?

የጓሳ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። አባቴ መምህር ነበሩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመንዝ ጌራ ቀበሌዎች እየተዘዋወሩ ጓሳ ስለሚባለው የሣር መሬት አጠባበቅ ልማድ፣ ሣሩ መቼ ተከልክሎ መቼ ይታጨድ እንደነበረ፣ ማን ያስከብረው እንደነበረ ሽማግሌዎች የነገሯቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ኋላም ደብረ ብርሃን ወስደው በኮምፒውተር አስተይበውት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ዕቃቸውን ስናስተካክል ያ ሥራ ያለበት አንድ ሲዲ ከመጽሐፍ መካከል ተገኘ፤ የእጅ ጽሑፉ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሲዲው ላይ ያሉት ሰባት ፋይሎች ናቸው። አራቱ ዶክ የሚል ቅጥያ (ከስማቸው መጨረሻ ከነጥብ በኋላ የሚመጣ) አላቸው፤ በዎርድ ይከፈታሉ፣ ነገር ግን በአማርኛ ፈንታ የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶችና ቅንፎች ተደባልቀው ይታያሉ። ሁለቱ ፒ65 የሚል ቅጥያ አላቸው፤ በምንም አይከፈቱም። የመጨረሻው ፋይል ከሁሉም ትልቁ ሲሆን ወደ 38 ሜጋባይት ይደርሳል፤ እርሱ ምንም ቅጥያ የለውም፤ ኮምፒውተሩም በምን ልክፈተው ብሎ ይጠይቀኛል። በኖትፓድ ብከፍተው ትርጉም የሌለው ምልክት ገጹን ሞላው። ፒዲኤፍ ይሆናል ብዬ ስሙን ቀይሬ ሞከርኩ፤ አልሆነም። እዚህ ያለ የኮምፒውተር ባለሙያ አይቶ «ፋይሎቹ ተበላሽተዋል፣ አትድከም» አለኝ። ተስፋ ከመቁረጤ በፊት የሚያውቅ ሰው ቢያማክረኝ ብዬ ነው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። እኔ ከተማችን ውስጥ በኅትመት ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የነገሩን ምልክቶች ሳነብ ፋይሎቹ ተበላሽተዋል የሚለው ፍርድ የተቸኮለ ይመስለኛል። አልከፈት ያለ ፋይል ሁሉ የተበላሸ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍተው ፕሮግራም ወይም የሚያሳየው ፎንት (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው) በዚያ ኮምፒውተር ላይ ስለሌለ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሲዲው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተርዎ ይገልብጡ፤ ከዚያም ሌላ ቅጂ በፍላሽ ይያዙና ሲዲውን ከፀሐይና ከጭረት ጠብቀው ያስቀምጡት። በቤት የተቀዳ ሲዲ መረጃውን የሚይዘው ብርሃን በሚጎዳው ቀለም ላይ ስለሆነ ዘላለማዊ አይደለም። የሚሞክሩት ሁሉ በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን። በኖትፓድ ከፍተውት በነበረ ጊዜ ሴቭ አድርገውት ከሆነ ያንን ቅጂ ይጣሉት፤ ኖትፓድ የጽሑፍ ፋይል ያልሆነን ነገር መልሶ ሲያስቀምጥ ያልገቡትን ባይቶች፣ ማለትም ፋይሉ የተሠራባቸውን ቁጥሮች፣ በሌላ ሊተካቸው ይችላል፣ እንዲህ ያለው ጉዳት ደግሞ አይመለስም።

ሁለተኛው ነገር ስለ ቅጥያው ነው። ቅጥያ ማለት በጆንያ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። የገብስ ጆንያ ላይ «ስንዴ» ብለው ቢጽፉበት ገብሱ ስንዴ አይሆንም፤ ምንም ባይጻፍበትም ገብስነቱ አይቀርም። ዊንዶውስ ግን ጆንያውን ፈትቶ ሳይሆን ጽሑፉን አንብቦ ብቻ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሚሰጥ ይወስናል። ስለዚህ ስሙን ወደ ፒዲኤፍ መቀየርዎ ፋይሉን አልጎዳውም፣ አልጠቀመውምም፤ መልሰው እንደነበረ ያድርጉት።

ውስጡን ለማየት የፋይሉን የመጀመሪያ ባይቶች ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የፋይል ዓይነቶች ሲሠሩ መጀመሪያቸው ላይ የማይለወጥ ፊርማ እንዲቀመጥ ተደርገዋል። ኤችኤክስዲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ሲከፍቱበት በግራ በኩል ባለ አሥራ ስድስት መደብ ቁጥሮችን፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የእነዚያን ቁጥሮች የፊደል አቻ ያሳይዎታል። ከ9 በላይ ላሉት ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን የላቲን ፊደላት ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹን አራት ቁጥሮች ይመልከቱ፦ 25 50 44 46 ከሆነ ፒዲኤፍ ነው። 47 49 46 38 ከሆነ ጂፍ የሚባለው ሥዕል ነው። ኤፍኤፍ፣ ዲ8፣ ኤፍኤፍ ብሎ ከጀመረ የጄፔግ ፎቶግራፍ ነው። 50፣ 4ቢ፣ 03፣ 04 ከሆነ ደግሞ ዚፕ፣ ማለትም ሌሎች ፋይሎችን ጨምቆ በአንድ የያዘ ጥቅል ነው።

ከሦስቱ ዓይነት፣ ማለትም ከዶኩም ከፒ65ቱም ስም ከሌለውም፣ አንድ አንድ ወስደው ይዩና የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች እዚህ ይጻፉልን።

ሸንኮራ (አረርቲ)

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ፋይል በነጻ የሚቀይሩ ድረ ገጾች ሞልተዋል። እዚያ ላይ ይጫኑትና በፒዲኤፍ አድርገው ያውርዱት፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

ወንድሜ ሸንኮራ፣ ለመርዳት እንዳሰቡ ይገባኛል፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ አልስማማም። አንደኛ፣ የፋይሉ ዓይነት ሳይታወቅ «ቀይርልኝ» ማለት አይቻልም፤ ድረ ገጹም ቢሆን ቅጥያውን አይቶ ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ የሽማግሌዎች ቃል ነው፤ ስማቸውና መንደራቸው፣ ምናልባትም የድንበርና የግጦሽ ክርክር ያለበት ይሆናል፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በማይታወቅ ኮምፒውተር ላይ መጫን ለቤተሰቡም ለተናጋሪዎቹም አይገባም። ሦስተኛ፣ በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ዶክ እንዲህ ባለ ቦታ ሲቀየር ፎንቱ እዚያ ስለማይኖር የሚወጣው ፒዲኤፍ ያንኑ የላቲን ዝብርቅርቅ ይዞ ነው።

ስለ አራቱ የዶክ ፋይሎች ጠያቂው ቁጥሮቹን ከጻፉ በኋላ በሰፊው እመለሳለሁ።

የጓሳ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ጋሼ ፊደል ለቃሚ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኖትፓድ ላይ ሴቭ አላደረግሁም፤ ስሙን የቀየርኩትም በፍላሽ ላይ ያለውን ነበር፣ ሲዲው አልተነካም። ትናንት መብራት ስላልነበረ ዘገየሁ፤ ዛሬ እንዳሉኝ አየሁ።

የዶኩ ፋይል፦ ዲ0፣ ሲኤፍ፣ 11፣ ኢ0።
የፒ65ቱም ያው ነው፦ ዲ0፣ ሲኤፍ፣ 11፣ ኢ0።
ቅጥያ የሌለው፦ 50፣ 4ቢ፣ 03፣ 04።

ግራ የገባኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ፊርማቸው አንድ ከሆነ ለምን አንደኛው በዎርድ ተከፍቶ ሌላው እምቢ አለ? ስሙን ወደ ዶክ ብለውጠው ይከፈት ይሆን?

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

ስሙን አይለውጡ። ጥያቄዎ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው መልእክቴ ላይ ሳልጠቅሰው የቀረ ነገር ነውና ላስረዳ።

ዲ0፣ ሲኤፍ፣ 11፣ ኢ0 የሚለው የማይክሮሶፍት የድሮ የጥቅል ፋይል ፊርማ ነው፤ ሠሪዎቹ ቁጥሮቹን የመረጡት በላቲን ሲነበቡ «ዶክፋይል» የሚል ቃል እንዲመስሉ አድርገው ነው። ይህ ጥቅል ግን ጆንያው ብቻ ነው። በአንድ ዓይነት ጆንያ ገብስም ባቄላም እንደሚጫን ሁሉ፣ በዚህ ጥቅል ውስጥ የድሮው ዎርድም፣ የድሮው ኤክሴልም፣ የድሮው ፓወርፖይንትም ይቀመጥ ነበር። ፔጅሜከር የሚባለው የኅትመት ፕሮግራምም እንዲሁ ይህንኑ ጥቅል ይጠቀም ነበር። ፒ65 የሚለው ቅጥያ የፔጅሜከር 6.5 ነው። እኛ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ፣ መጽሔት፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ሁሉ በእርሱ ስናዘጋጅ ኖረናል፤ ስለዚህ አባትዎ ጽሑፉን ከማስተየብ አልፈው በመጽሐፍ መልክ ገጹን ሁሉ አስቀናብረውት ነበር ማለት ነው። ይህን ሳነብ እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነካ።

ግምት እንዳይሆን ደግሞ እንዲህ ያረጋግጡ። ሰቨን ዚፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ይጫኑና በፋይሉ ላይ በቀኝ ቁልፍ ተጭነው እንደ ዚፕ እንዲከፍተው ያዙት። ይህን ጥቅል መክፈት ያውቅበታል። ከውስጡ ዝርዝር ውስጥ «ዎርድ ዶኩመንት» የሚል ስም ካገኙ ዎርድ ነው፤ «ዎርክቡክ» የሚል ካገኙ ኤክሴል ነው፤ «ፔጅሜከር» የሚል ካገኙ የነገርኩዎት ነው።

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

ቅጥያ ስለሌለው ፋይል እኔ ልቀጥል። 50፣ 4ቢ፣ 03፣ 04 ማለት በኤችኤክስዲ ቀኝ በኩል ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት ፊደላት ይታያሉ ማለት ነው። እነዚህ በ1989 እ.ኤ.አ. የዚፕን አሠራር ያወጣው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። እዚህም ግን ጋሼ እንዳሉት ጆንያና እህል መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዎርድ 2007 ወዲህ ያለው ዶክኤክስ፣ ኤክስኤልኤስኤክስ፣ የሊብሬኦፊስ ኦዲቲ፣ ኢፐብ የሚባለው የመጽሐፍ ፋይል፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ኤፒኬ ሳይቀር ሁሉም በውስጣቸው ዚፕ ናቸው። ሲዲው የተቀዳው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሆነ ዶክኤክስ ገና አልተፈጠረም ነበርና እውነተኛ የተጠቀለለ ዚፕ ይመስለኛል። በሰቨን ዚፕ ይክፈቱትና ያዩትን ይንገሩን።

የዚፕ ፋይል የይዘት ማውጫው የሚቀመጠው በመጨረሻው ላይ መሆኑንም ይወቁ። ሲዲው ላይ ሲገለበጥ ተቋርጦ ጫፉ ቢቀር፣ ዊንዶውስ ራሱ «ዚፕ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በውስጡ ያለ ፋይል የራሱን ትንሽ መግቢያ ከፊቱ ስለሚይዝ፣ ሰቨን ዚፕ «መጨረሻው ጎድሏል» ብሎ እያስጠነቀቀም ቢሆን ያለውን ያህል አውጥቶ ይሰጥዎታል። ማስጠንቀቂያውን አይተው እንዳይዘጉት።

ተማሪ (አንኮበር)

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ሊኑክስ እጠቀማለሁ፤ እዚያ ላይ «ፋይል» የሚል ትእዛዝ ስጽፍና የፋይሉን ስም ስሰጠው ዓይነቱን ራሱ ይነግረኛል። ይህም የሚሠራው በእነዚሁ ቁጥሮች ነው?

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

አዎ ልጄ፣ በእነዚሁ ነው። ትእዛዙ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒክስ የነበረ ነው፤ ቅጥያውን ሳይሆን ውስጡን አንብቦ ከፊርማዎች መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያዘጋጀው ድሮይድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ብዙ ፋይል ያለበትን ፎልደር በአንድ ጊዜ ፈትሾ የእያንዳንዱን ዓይነትና ሥሪት ይዘረዝራል። ለሰባት ፋይል ግን በእጅ ማየቱ ይበቃል፤ ሰውም ይማርበታል።

መዝገብ ቤት (ዓለም ከተማ)

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሥራ ላይ ነኝ። በኢሜይል ከሚመጡልን ደብዳቤዎች ጋር አንዳንዴ «ዊንሜይል ዳት» የሚል ፋይል ተያይዞ ይመጣል፤ ደብዳቤው እርሱ ውስጥ ነው ይሉናል፤ አይከፈትም። በዚህ ክር ላይ መጠየቄ ከጉዳዩ እንዳያወጣችሁ እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ መሰለኝ።

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

ተመሳሳይ ነው። አውትሉክ መልእክቱን በራሱ አጣጣፍ ሲጠቀልለው የሚፈጠር ነው፤ የተያያዘው ሰነድ እውነትም በውስጡ አለ፤ ሌሎች የኢሜይል ፕሮግራሞች ግን አይፈቱትም። ላኪው የመልእክቱን ዓይነት «ሪች ቴክስት» ከሚለው ወደ «ኤችቲኤምኤል» ቀይሮ እንዲልክልዎ ይንገሩት፤ ከዚያ በኋላ አይደገምም። በእጅዎ ያሉትን ለመፍታት የሚያገለግሉ ነጻ ፕሮግራሞችም አሉ።

ከማይታወቅ ሰው የመጣ ከሆነ ግን መጀመሪያ ፊርማውን ይዩ። 4ዲ 5ኤ ብሎ ከጀመረ፣ ስሙ ምንም ቢሆን የሚሠራ ፕሮግራም ነውና አይክፈቱት። ዊንዶውስ የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች ስለሚደብቅ «ደብዳቤ ፒዲኤፍ» ብሎ የሚታይዎ ፋይል ከጀርባው ሌላ ቅጥያ ሊኖረው ይችላል። በፎልደሩ ማሳያ ምርጫ ውስጥ ቅጥያ እንዲታይ አድርገው ቢተዉት ለመሥሪያ ቤትዎ ሁሉ ይጠቅማል።

የጓሳ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ወገኖቼ፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ቅጥያ የሌለው ፋይል በሰቨን ዚፕ ተከፈተ። እንዳሉት «መጨረሻው ጎድሏል» አለኝ፤ ቢሆንም 61 ምስሎች ወጡ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ነው። ገጽ በገጽ ስካን አስደርገውት ኖሯል። የመጨረሻው ምስል ግማሹ ግራጫ ነው፤ የቀረው ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ፒ65ቱም ጋሼ እንዳሉት «ፔጅሜከር» የሚል ስም ከውስጡ አለው። የዶኮቹ «ዎርድ ዶኩመንት» ይላሉ። አሁን የቀረኝ ያ ዝብርቅርቅ ነው። የእጅ ጽሑፉ ከተገኘ እንደገና ማስተየብ ይሻል ይሆን? ብዬም አሰብኩ።

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎ። እንደገና አያስተይቡ። የተተየበው ከእጅ ጽሑፉ በኋላ አባትዎ ያረሙት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ካለ ያ ራሱ መረጃ ነው።

ለፔጅሜከሩ ሊብሬኦፊስን ይጫኑ፤ በነጻ ነው፤ «ድሮው» በሚባለው የሥዕል መሥሪያ ክፍሉ የፔጅሜከር ፋይሎችን ያነባል፤ የገጹ አቀማመጥ አንዳንድ ቦታ ሊዛነፍ ይችላል። ኢንዲዛይን የሚባለው የኅትመት ፕሮግራምም እስከ ሲኤስ6 ሥሪቱ ድረስ ይከፍታቸው ነበር። እኔ ዘንድ ፔጅሜከር የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር አሁንም ይሠራል፤ ፋይሎቹን በፍላሽ ይዘው ደብረ ብርሃን ቢመጡ ገጾቹን ሳይዛነፉ ወደ ፒዲኤፍ አወጣልዎታለሁ። ዋጋ አይጠይቁኝ።

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

አሁን ወደ ዶኮቹ። ቃል በገባሁት መሠረት ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ይህ ክፍል የብዙ የአገራችን ሰነዶች ችግር ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋል ብዬ አስባለሁ።

አማርኛ በኮምፒውተር ላይ «አልነበብ» ሲል በአራት መልክ ይታያል፤ አራቱም የተለያየ ነገር ይናገራሉ። በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሣጥን የሚታይ ከሆነ ጽሑፉ ጤነኛ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ነው፣ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። ጭረት ያለባት ትንሿ የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች የምትታይ ከሆነ፣ ጽሑፉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ የተቀመጠ ጤነኛ አማርኛ ሆኖ ፕሮግራሙ በሌላ ሥርዓት እያነበበው ነው፤ የተለመዱት ፊደሎቻችን በዚያ አጻጻፍ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ሲይዙ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1 ስለሆነ ነው ያች ምልክት የምትደጋገመው። ፕሮግራሙ ላይ ዩቲኤፍ 8 ብሎ መምረጥ ብቻ ይበቃል። ሦስተኛው የጥያቄ ምልክት በጥያቄ ምልክት ላይ ተደርድሮ ሲታይ ነው፤ ይህ ክፉው ነው፤ አማርኛ መያዝ በማይችል አጻጻፍ ሴቭ ተደርጎ ፊደሎቹ በእውነት ጠፍተዋል ማለት ነው፣ ሌላ ቅጂ ከመፈለግ በቀር መላ የለውም።

አራተኛው የእርስዎ ነው፦ የላቲን ፊደላት፣ ቅንፎችና የገንዘብ ምልክቶች ቅጥ ባጣ ሁኔታ ተደባልቀው መታየታቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በሥሪት 3.0 ነው፤ በተራ ተጠቃሚ ኮምፒውተር ላይ ለመለመድ ደግሞ ከዚያ በኋላም ዓመታት ወስዷል። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩን በመላ አግባብተውት ነበር፤ ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል አስቀመጥኩ ብሎ ያስባል፣ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የግዕዝ ፊደል ሥዕል ስላለበት ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይወጣል። አንድ ባይት ከ256 የሚበልጥ ቦታ የለውም፤ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከቁጥሩና ከነጥቡ ለዚያ ይጠብበታል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ደግሞ ዋናውን ቅርጽና የእግሩን ወይም የክንፉን ቅጥያ ለየብቻ አስቀምጦ እንዲገጣጠሙ አደረገ። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚያዩት ዝብርቅርቅ ከሥሩ የነበረው የላቲን ቁጥር ነው፤ አልተበላሸም።

እንግዲህ ዎርድ ላይ ፋይሉን ይክፈቱ፤ ጠቋሚውን ከዝብርቅርቁ መካከል ያድርጉና ከላይ ያለውን የፎንት ሣጥን ያንብቡ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ሰነዱ ስሙን ይዞታልና ይነግርዎታል። በየቦታው እየተዘዋወሩ ስንት ዓይነት ስም እንዳለ በወረቀት ይመዝግቡ። ከዚያ ያንኑ ፎንት ከድሮ ተጠቃሚ አግኝተው ሲጭኑት ወዲያው አማርኛ ሆኖ ይታያል።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፦ «ሁሉንም ምረጥ» ብለው ፎንቱን ኒያላ ወይም ኤብሪማ ወደሚባሉት የዩኒኮድ ፎንቶች እንዳይለውጡ። ብዙ ሰው ይህን ያደርግና ሰነዱን ይጨርሰዋል። የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደነበረ የሚናገረው ያ የፎንት ስም ብቻ ነው፤ እርሱ ከጠፋ የትኛው አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ፣ የትኛው ከሁለተኛው ፎንት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ፎንቱን መጫን ለማንበብ ነው። ለመፈለግ፣ በስልክ ለመላክ፣ ለልጅ ልጅ ለማቆየት ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ በዚያ ፎንት ልክ የተዘጋጀ የፊደል ገበታ፣ ማለትም የትኛው የድሮ ቁጥር የትኛው የዩኒኮድ ፊደል እንደሆነ የሚያመሳክር ዝርዝር፣ ያስፈልጋል። የፎንቱን ስም ሲነግሩኝ ገበታውን እልክልዎታለሁ፤ አለኝ ብዬ እገምታለሁ።

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ብርሃን)

እኅቴ በጣም ጥሩ አድርገሽ አስረድተሽዋል። አንድ ልጨምር፦ ከፔጅሜከር የማወጣው ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ስለሚይዝ በማንኛውም ስልክ ላይ አምሮ ይነበባል፤ ነገር ግን ከእርሱ ላይ ጽሑፍ ገልብጠው ሌላ ቦታ ቢለጥፉት ያው ላቲኑ ይወጣል። ስለዚህ ፒዲኤፉ ለንባብ፣ ዩኒኮዱ ለሥራ፣ የድሮው ፋይል ደግሞ ለማመሳከሪያ፤ ሦስቱም ይቀመጡ።

ሸንኮራ (አረርቲ)

ቀድሞ የሰጠሁትን ምክር አንስቻለሁ። የእኛም ዕድር መተዳደሪያ ደንብ እንዲሁ ላቲን ሆኖብን እንደገና ልናስተይበው ገንዘብ አዋጥተን ነበር። ፎንቱን ሄጄ አያለሁ።

የጓሳ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወርጄ ጋሼን አገኘኋቸው፤ ፒዲኤፉ ወጣ፤ ፎንቶቹንም ከእርሳቸው ኮምፒውተር ወስጄ ጫንኩ። የሮቢት ፀሐይ በላኩልኝ ገበታ ሦስቱን ዶክ ወደ ዩኒኮድ ቀይሬ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳከርኩ፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ አባቴ እንደጻፉት ሳይለወጡ መጥተዋል።

አራተኛው ግን አንድ ችግር አለበት። ዋናው ምዕራፍ እርሱ ነው። ከተቀየረ በኋላ ብዙ ቃላት መካከላቸው ላይ የማይገባ ፊደል ገብቶባቸዋል፤ «ቋንቋ»፣ «ኋላ»፣ «ጓሮ» የሚሉት ሁሉ ተበላሽተዋል። ሌላው ደኅና ነው።

የሮቢት ፀሐይ (ሸዋ ሮቢት)

የሰጡኝ ምሳሌዎች ሁሉ ዲቃላ ፊደል ያለባቸው ናቸው። ለአባትዎ የተየበችው ጸሐፊ ዲቃላዎቹን ከሁለተኛው ፎንት ነበር የወሰደቻቸው ማለት ነው፤ ገበታው ደግሞ ለመጀመሪያው ፎንት የተዘጋጀ ስለሆነ የሁለተኛውን ቁጥር በራሱ ትርጉም አነበበው። የተቀየረውን ይተዉትና ወደ ዋናው ዶክ ይመለሱ። የዎርድን መፈለጊያ ይክፈቱ፤ የሚፈልጉትን ቃል ሣጥኑን ባዶ ይተዉት፤ በተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ ቅርጸት የሚለውን ገብተው ፎንቱን ብቻ፣ ያውም የሁለተኛውን ስም፣ ይምረጡ። ዎርድ በዚያ ፎንት የተጻፈውን እያንዳንዱን ፊደል አንድ በአንድ ያሳይዎታል። የሚመጡት ከአሥራ አምስት የሚበልጡ ዓይነቶች አይመስሉኝም። እያንዳንዱን በትክክለኛው የዩኒኮድ ዲቃላ እየተኩ ይሂዱ፤ ከዚያ ቀሪውን በገበታው ይቀይሩ።

የጓሳ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ሁለት ምሽት ወሰደብኝ፤ አሥራ አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ፤ ሁሉንም ተካኋቸው። ከሁሉ የበዛው «ጓ» ነበር። ባለፈው ሳላስተውለው የቀረሁት ነገር፣ በዚያ ምዕራፍ ውስጥ «ጓሳ» የሚለው ቃል ራሱ አንድም ቦታ በትክክል አልተጻፈም ነበር። አሁን በየገጹ ይነበባል።